«የት ላይ ነው ያለው?» ስለ ክረምት ማጠናከሪያችንና ስለረሳነው ትምህርት



ሰኔ ሲመጣ የጀመዓችን ልማድ የታወቀ ነው። የመጨረሻ ፈተና ጨርሰን ወደየአገራችን ከመበተናችን በፊት አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ እንቀመጥና የክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት እንከፋፈላለን። ወረቀት ይዞራል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ... ሁሉም በሚችለው ላይ ስሙን ያሰፍራል። ከዚያም በየከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ታናናሾቻችንን ሰብስበን ያለ ክፍያ እናስተምራለን። አልሐምዱሊላህ፣ ከምንሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ዘንድሮ ወረቀቱ ሲዞር አንድ መስመር እንዲጨመርበት እጠይቃለሁ፤ «ሥነ ጽሑፍ» የሚል።

እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ አልፈርድባችሁም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወንድም ይህንኑ ሐሳብ ሲያነሳ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው እኔ ነበርኩ። «አኺ፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አማርኛ የለበትም፤ ልጆቹ በሒሳብ እየወደቁ ልብ ወለድ እናስነብባቸው እንዴ?» ያልኩትም እኔው ነኝ። ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ቤቱ እየተቃጠለ ግድግዳ ቀለም አይቀባም ባይ ነበርኩ። ያ ወንድም አልተከራከረኝም፤ ዝም ብሎ ወረቀቱን ለቀጣዩ ሰው አሳለፈ። ዛሬ ይቅርታ የምጠይቀው በዚህች ጽሑፍ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ያለፈው ክረምት ነው። በከተማችን ባለች መድረሳ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ፊዚክስ የሚያስተምረው ወንድም ታመመና የእሱንም ሰዓት እንድይዝ ተነገረኝ። ያልተዘጋጀሁበትን ከማስተምር ብዬ ከፊት ከተቀመጠችው ልጅ ላይ የአማርኛ ደብተሯን ተዋስኩ። ጽሕፈቷ ያምራል። «ጭብጥ ማለት... መቼት ማለት... ገፀ ባሕርይ ማለት... ሴራ ማለት...» ሁሉም በቀይ ተሰምሮበት ተጽፏል። አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ አንድም ሳይስቱ መለሱልኝ። ቀጥዬ «በቅርቡ ያነበባችሁት ታሪክ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ዝም። «አጭር ልብ ወለድስ? ግጥምስ?» ዝም። የዋና ሕግጋትን በቃላቸው ይዘው ወንዝ ወርደው የማያውቁ ልጆች ነበሩ።

ቾክ አነሳሁና እዚያው ቆሜ ሁለት ስንኝ ገጠምኩላቸው። ገጣሚ አይደለሁም፤ ነገር ግን በአገራችን በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ብዙ አልቸገረኝም፦

እናቴ ስትጓዝ ሻንጣዋ ቀለለ፣
የተወችው ዕቃ እቤት ውስጥ ስላለ።

«ይህ ግጥም ምን ይላል?» አልኩ። አንድ ልጅ እጁን እንኳን ሳያወጣ «ጭብጡ ስደት ነው» አለኝ። ሁሉም ደብተራቸው ላይ «ጭብጥ፦ ስደት» ብለው ጽፈው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ለእነሱ ትምህርቱ አልቋል። እኔ ግን «የት ላይ ነው ያለው?» አልኩት። ሰሌዳውን አየ። «ስደት» የሚል ቃል የለም። ዐረብ አገር የሚልም የለም። አየር ማረፊያ የለም፤ እንባም የለም። «ታዲያ ከየት አመጣኸው?» ስለው መልሶ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ይከብደኛል፤ ሃምሳ ልጆች ሁለት መስመር ላይ አርባ ደቂቃ ቆዩ።

አንዷ «ሻንጣው የቀለለው ድሃ ስለሆነች ነው፤ የምትይዘው ልብስ የላትም» አለች። ሌላው ቀበል አድርጎ «አይደለም፤ ሁለተኛው ስንኝ ምክንያቱን ራሱ ተናግሯል፤ ‹ስላለ› ይላል። የቀለለው ከባዱን ነገር ትታ ስለሄደች ነው» አላት። «ከባዱ ነገርስ ምንድን ነው?» «ልጇ ነዋ! የሚናገረው ልጁ ነው፤ ‹እናቴ› ብሏላ።» «ታዲያ ለምን ራሱን ዕቃ አለ?» ሲባል ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ ልጁ ተቀይሟል፤ እንደ ዕቃ ጥላኝ ሄደች ማለቱ ነው አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ጣለችው» አይልም፣ «የተወችው» ነው የሚለው፤ ሰው እቤት የሚተወው ውድ ዕቃውን ነው አሉ። አንድ ልጅ ተነስቶ «አባቱ ነው አስገድዶ የላካት» ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የት ላይ ነው ያለው?» አሉት። ያን ጊዜ ወላሂ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ።

እነዚያ ልጆች በዚያች ሰዓት የተማሩት ምንድን ነው? ስለ አንዲት እናት ከመፍረዳቸው በፊት ወደ ቃሉ መመለስን ነው። አንድ ንግግር ከአንድ በላይ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል፣ ሆኖም የመጣልን ሁሉ ትርጉም እንደማይሆን ነው። የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ የሚባለው ይኸው ነው፤ የቀረው ስያሜ ነው።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ ኪታብ ሲቀራ ተቀምጦ ያየ ሰው ያውቀዋል። ደረሳው አንዲት ዐረፍተ ነገር ያነባል፤ ሸይኹ ያስቆሙታል። «የዚህ ቃል መጨረሻ ለምን ዶማ ሆነ?» ደረሳው ምክንያቱን ይናገራል። «ከስራ ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ ወዴት ይሄድ ነበር?» እሱንም ይናገራል። ገና አጅሩሚያ የጀመረ ታዳጊ አንዲት አናባቢ ያለ ምክንያት እንዳልተቀመጠች ይማራል። ሸይኹ ትክክለኛ መልስ ብቻውን አይበቃቸውም፤ ማስረጃውን ይፈልጋሉ። እንግዲህ ይህ ልማድ በአማርኛ ክፍል ውስጥ ቢገባ ምን ያጣል?

ከፍ ስንል ደግሞ የበላጋ ዑለሞች አሉን። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅሪያ የነበሩት ዐብዱልቃሂር አልጁርጃኒ «ደላኢሉል ኢዕጃዝ» በተሰኘው ኪታባቸው የንግግር ውበት በነጠላ ቃል ላይ ሳይሆን ቃላት እርስ በርስ በተደረደሩበት ሥርዓት ላይ እንደሆነ በሰፊው አስረድተዋል። ይህን ለማሳየት የአረብ ግጥሞችን ስንኝ በስንኝ እያነሱ፣ ይህ ቃል ለምን ቀደመ፣ ያኛው ለምን ዘገየ እያሉ ፈትሸዋል። ሙፈሲሮችም የአንድ ቃል ትርጉም ሲያከራክር ወደ ጥንት አረብ ግጥም ይመለሱ ነበር። በአገራችንም የወሎ ዑለሞች አማርኛን በአረብኛ ፊደል እየጻፉ በአጀሚ ብዙ ስንኝ ትተውልናል። ስለዚህ «ሥነ ጽሑፍ የሌሎች ነው» የሚል ሙስሊም ተማሪ የራሱን ቤት መዝገብ ያልገለጠ ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎችን አውቃለሁ፤ ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው ነው። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ለዚያ ኡስታዞቻችን አሉ፤ የምናስነብበውንም ለእነሱ ማሳየት ተገቢ ነው። ነገር ግን ውሸት ሰሚው እውነት መስሎት እንዲታለል የሚነገር ነገር ነው። ልብ ወለድ ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ ነኝ» ብሎ ይመጣል፤ ማንም አይታለልበትም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳን ቢን ሳቢት (ረ.ዐ) የሚባል ገጣሚ ነበራቸው፤ ግጥሙንም ይሰሙት ነበር። ገጣሚዎችን የሚወቅሰው የሹዐራእ ምዕራፍ መጨረሻም ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ከወቀሳው ለይቶ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ምን እንደተጻፈና እንዴት እንደምናነበው ነው። ክፉውን ከደጉ ለመለየትም መጀመሪያ በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው «መጻሕፍቱ የእኛን ሕይወት አያሳዩም» የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው። በዚያው ክረምት በሦስተኛው ሳምንት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነሳ አንድ ልጅ «ስለ ደብተራ ነው፤ ምን አገባን?» አለኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ በእርግጥ በጎጃም የቤተ ክህነት ዓለም ውስጥ የሚሄድ ነው። እኔም አልተቆጣሁትም፤ የበዛብህን ነገር ብቻ ነገርኩት። ወላጆቹ ልጃችን ከተረፈልን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እናደርገዋለን ብለው ተሳሉ፤ ልጁ አደገና ማግባት ያልተፈቀደለት ሆኖ ራሱን አገኘው። «ስለቱን የተሳለው ማን ነው? የሚከፍለውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ ደብተራነቱን ያነሳ የለም። አንዷ ስለ ነዝር አነሳች፤ ሌላዋ ወላጅ ስለመረጠው የትምህርት ዘርፍ፤ ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ጋብቻ። መጽሐፉ የእነሱን እምነት አልያዘም፤ ጥያቄያቸውን ግን ይዞ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ላይ ሌላም ነገር ሆነ። «ጉዱ ካሳ እብድ ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ ነበር። «የት ላይ ነው ያለው? ማን ነው እብድ ያለው? ተራኪው ነው ወይስ የአገሩ ሰዎች?» ስንለው ቆም አለ። ሰዎቹ ጉዱ ያሉት የኖሩበትን ሥርዓት ስለነቀፈባቸው ነው። ሰፈር ስለ አንድ ሰው የሚያወራው ሰውየውን ሳይሆን ሰፈሩን ሊያሳይ እንደሚችል ልጁ ያን ዕለት ገባው። እንደ ሙስሊም ሐሜትን ለመፍራት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። የእኛን ሕይወት የሚያሳዩ መጻሕፍት አነሱ ለሚለው ደግሞ መልሱ ማንበብን መተው አይደለም። ዛሬ በደንብ የሚያነቡ ልጆች ናቸው ነገ የሚጽፉት።

ሦስተኛው የእኔው የድሮ ተቃውሞ ነው፤ ፈተናው። አዎ፣ አማርኛ በፈተናው ላይ የለም። ነገር ግን እንግሊዝኛ ፈተና ላይ አንብቦ መረዳት አለ፤ አፕቲቲዩድ ላይ የቃል ጥያቄ አለ፤ ታሪክና ጂኦግራፊ በንባብ ነው። ሒሳብ ሳስተምር ያየሁት ራሱ ይህን ይናገራል። ቀመሩን አውቆ ጥያቄው የጠየቀውን ሳይሆን የለመደውን የሚሠራ ልጅ ስንቱ ነው! ያልተጻፈውን አንብቦ፣ የተጻፈውን አልፎ። ይህ የሒሳብ ችግር አይደለም።

ከፈተና የሚብስም አለ። ባለፈው ዓመት በእኛው ዶርሞች መካከል ከአንድ ኡስታዝ ንግግር ተቆርጦ በቴሌግራም የመጣ አጭር ድምፅ ስንት ቀን እንዳጣላን ታስታውሳላችሁ። ሰላምታ እስከ መከልከል የደረሱ ነበሩ። ሙሉውን ንግግር የሰማ ስንት ሰው ነበር? ከፊቱ ምን እንዳለ፣ ለማን እንደተናገረ፣ ለየትኛው ጥያቄ እንደመለሰ የጠየቀ? ዩኒቨርሲቲ የገባን፣ የአያ ሰበበ ኑዙል ሳይታወቅ አይተረጎምም ብለን የምንማር ሰዎች ነን ይህን ያደረግነው። «የት ላይ ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅን በ16 ዓመታችን ማንም አላስለመደንም። ታናናሾቻችን ደግሞ ከእኛ የባሰ በተቆራረጠ ቃል ውስጥ ነው የሚያድጉት። አማናው እኛ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት እናስተምር? ከስህተቴ ልጀምር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አጭር ልብ ወለድ አንብበን ስናበቃ ጎበዝ ለመምሰል የራሴን ትልቅ ትንታኔ ደሰኮርኩ። በማግስቱ ሃምሳ ወረቀት ሰበሰብኩ፤ በሃምሳውም ላይ የእኔ ዐረፍተ ነገር ነበር። የቀይ መስመሩን ደብተር ስተች ከርሜ እኔው ሌላ የሚሸመደድ ነገር ሰጥቻቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የያዝኩት ሥርዓት ይህ ነው።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ሁለት ስንኝ፣ አንድ ተረትና ምሳሌ፣ አንድ ገጽ ታሪክ ይበቃል። መጽሐፍ ለሌላቸው ልጆች ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉም እኩል ያነበዋል። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ግጥም ምቱና ቤቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ቀጥሎ «ምን አያችሁ?» እንበል፤ «ጭብጡ ምንድን ነው?» አንበል። ጭብጥ ከጠየቅን «ስደት»፣ «ፍቅር»፣ «ድህነት» የሚል አንድ ቃል ይወረወርልናል። ከዚያ ለሚመጣው መልስ ሁሉ፣ ለትክክለኛውም ጭምር፣ «የት ላይ ነው ያለው?» እንበል።

ክርክሩ ሲቀዘቅዝ ቃል እንለውጥ። በእኔ ስንኝ ላይ «የተወችው» የሚለውን አጥፍቼ «የጣለችው» ብዬ ብጽፍ ምን ይለወጣል? ልጆቹ ወዲያው ይሰማቸዋል፤ የተሰማቸውን ደግሞ በቃል ለማስረዳት ይገደዳሉ። ስያሜውን የምንሰጣቸው ያን ጊዜ ነው፤ «አሁን ልጁን ዕቃ ያለበት መንገድ ተለዋጭ ዘይቤ ይባላል» ብንል ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አለው። በመጨረሻም አንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ የሚሉትን አንድ ነገር፣ ከጽሑፉ የወሰዱትን ቃል፣ ያ ቃል የሚሉትን እንዴት እንደሚደግፍ። ሦስቱ ከተሟሉ በእኛ አስተያየት ባይስማሙም ሙሉ ማርክ ይገባቸዋል። አስተማሪው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ከቻለም ዝም ይበል።

ለዚህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መሆን አይጠበቅባችሁም። እኔ ኢንጂነሪንግ ነኝ። ከሳምንቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ሒሳቡም ፊዚክሱም አይነካም።

ስለዚያች ሁለት ስንኝ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ዕለት ደብተሯን የተዋስኳት ልጅ ውይይቱ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሁሉም ከወጡ በኋላ ደብተሯን ልትቀበለኝ መጣችና ሰሌዳውን እያየች «ወንድሜ፣ ሻንጣው የሚከብደው ሲመለስ ነው» አለችኝ። እናቷ ጂዳ ከሄዱ ስድስት ዓመታቸው እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። በልማዴ «የት ላይ ነው ያለው?» ልላት ነበር፤ አላልኩም። ስንኙ ውስጥ አልነበረም። «ይህን እኔ አልጻፍኩትም፤ አንቺ ጻፊው» ብዬ ቾኩን ሰጠኋት። ጥቂት አሰበችና «ነገ» አለችኝ። በማግስቱ አራት ስንኝ ይዛ መጣች። የእሷ ስለሆነ እዚህ አላወጣውም። ከእኔው ሁለት ስንኝ ግን እጅግ ይበልጣል።

አላህ ካለ በዘንድሮው ስብሰባ ወረቀቱ ሲዞር የመጨረሻውን መስመር እኔ እጽፈዋለሁ፤ ስሜንም ከሥሩ አሰፍራለሁ። ከጎኔ የሚጽፍ ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ። አላህ የምናነበውን የምንረዳ፣ የተረዳነውን የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።